ባቡር በሚኒባስ ጭኖ፦ ጎንደር ላይ ሞዴል ባቡር የሰራሁበት መንገድ

ጎንደር ሀዲድ የለም። ከሀራ ገበያ ተነስቶ በወረታ አድርጎ ወደ መተማ ይሄዳል የተባለ መስመር ፕላን ላይ አለ ሲባል ሰምተናል፣ እኛ ጋ ግን አንድ ሜትር ብረት አልወረደም፣ ስለዚህ ባቡር የሚወድ ጎንደሬ ያለው አማራጭ ወይ ሀዲድ ወዳለበት ሀገር መሄድ ወይ ቤቱ ቁጭ ብሎ መስራት ነው። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። እንዴት እንደሰራሁት ልጻፍ ብዬ ስጀምር ግማሹ ወሬ ስለ መኪና መንገድ ሆነብኝ፣ ይሁን በቃ፣ እውነቱም እሱ ነው። የሳጥኑን መጠን የወሰነው የሚኒባስ ወንበር፣ ኤሌክትሪኩን የወሰነው የመብራት መሄድ መምጣት፣ አስተሻሸጉን የወሰነው ኬላ።

መስራት የፈለግኩት የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ነው፣ በምኒልክ ጊዜ ተጀምሮ እኤአ በ1902 ድሬዳዋ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ የገባውን። አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ፈጣን ነው ንጹህ ነው ምናምን፣ ግን ጣቢያዎቹ ለኔ ሁሉም አንድ አይነት ናቸው፣ ለሞዴል የሚያምረው ደግሞ ትንሽ ጣቢያ ነው፣ ዛፍ ያለው፣ ቀለሙ የላላጠ ግድግዳ ያለው። ስለዚህ አዋሽ ሰባትን መረጥኩ፣ ያ በፈረንሳዮቹ ጊዜ የተሰራው ቡፌ ያለበት፣ ባቡሩ ቆሞ ተሳፋሪ ወርዶ ይበላበት የነበረው ቦታ። ሄጄም አይቼዋለሁ። ከጎንደር አዋሽ ለመድረስ አባይ በረሃን ወርደህ ወጥተህ አዲስ አበባ ገብተህ አድረህ እንደገና በአዳማ በኩል ቁልቁል ነው፣ የባቡር ጣቢያ ለማየት ያ ሁሉ መንገድ በአውቶብስ! ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ሜትር አውጥቼ መለካት ነው፣ በር፣ መስኮት፣ ሀዲድ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ መሬት ልትገዛ ነው?» አሉኝ።

ስኬሉን ልናገር፣ ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያንስ ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው የሚወዛገበው እዚህ ጋ ስለሆነ። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ አዲሱ 1.435። በብዛት የሚሸጠው ሞዴል ኤችኦ የሚባለው ነው፣ 1፡87፣ የሀዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። በሱ ብሰራ የኛ ባለ አንድ ሜትር ሀዲድ 11.5 ሚሊ አካባቢ ይመጣል፣ ለዚህ የሚሆን ባለ 12 ሚሊ ሀዲድ አለ ግን ውድ ነው፣ ቤቱም ዛፉም ይገዝፋል፣ እና በኛ መንገድ የገዘፈ ነገር ይሰበራል። ትንሹ ኤን ስኬል ደግሞ 1፡160 ነው ሀዲዱ 9 ሚሊ። ጨዋታው እዚህ ጋ ነው፣ ሀዲዱንና ሞተሩን ከኤን ትወስዳለህ፣ ቤቱን ሰውን ፉርጎውን ግን በ1፡120 ትሰራለህ፣ ያኔ 1 ሜትር 8.3 ሚሊ ይሆናል፣ ከ9 ጋር ያለውን ልዩነት በአይኑ የሚለይ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። አውሮፓ ውስጥም ጠባብ ሀዲድ የሚሰሩ ሰዎች ቲቲኤም ብለው የሚጠቀሙበት ነገር ነው፣ እኔ የፈለሰፍኩት አይደለም። ሙሉውን መስመር፣ 784 ኪሎ ሜትሩን፣ በዚህ ስኬል ልስራ የሚል ካለ ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሀዲድ ያስፈልገዋል፣ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ አዘዞ ደህና ያስኬደዋል።

ሳጥኑን በተመለከተ ደግሞ ቲ-ትራክ የሚባል አሰራር አለ፣ እሱን ነው የተከተልኩት። ትንንሽ ሳጥኖች ትሰራለህ፣ ጠረጴዛ ላይ ትደረድራቸዋለህ፣ ሀዲዶቹ ጠቅ ብለው ይያያዛሉ፣ አለቀ። አንዱ ሳጥን ርዝመቱ 308 ሚሊ ሜትር ነው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጠው ካቶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ሀዲድ ግን 248 እና 62 ሲደመር 310። ያቺ 2 ሚሊ ትርፍ ሆን ተብላ የተተወች ናት፣ ሳጥኖቹ ከመነካካታቸው በፊት ሀዲዶቹ ይገናኛሉ፣ እንጨቱ ትንሽ ቢያብጥ ቢጣመም እንኳ ባቡሩ ያልፋል። አናጺው ይሄን ሊገባው አልቻለም፣ «310 ከሆነ 310 ልቁረጥልህ እንጂ ለምን ታጎድለዋለህ» ብሎ ሊያስተካክልልኝ ሲል እጁን ነው የያዝኩት። በነገራችን ላይ ለእቃው አዲስ ኮምፔርሳቶ መግዛት አያስፈልግም፣ አናጺ ቤት ጥግ ላይ የተጣለ ቁርጥራጭ ይበቃል፣ ሰጋቱራውንም በነጻ ይሰጡሃል፣ እሱ በኋላ ለሳር ይጠቅማል።

ሀዲድና ሞተር እዚህ አይሸጥም። የኔ የሚመጣው በጥምቀት ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶች ለጥር 11 ጎንደር ሲገቡ ሻንጣቸው ውስጥ ቦታ አስለምኜ ነው የማስመጣው፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ዝርዝር እይዛለሁ፣ መስከረም ላይ እልካለሁ፣ ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ሀሳብ እስከ ሌላው ጥምቀት ይቆያል። ይሄ መጥፎ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ሰው ያማረውን ሁሉ ወዲያው መግዛት ቢችል ኖሮ አንድም ነገር አይጨርስም። ለሚያመጣልህ ሰው ግን አንድ ነገር ንገረው፣ ከዋናው ካርቶኑ እንዳያወጣው። ካርቶኑ ላይ የባቡር ስዕል አለ፣ ኤርፖርት ላይ «ምንድነው?» ሲባል ስዕሉን ማሳየት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሞተሩን ካልሲ ውስጥ የጠቀለለ ዘመድ አለኝ፣ ካልሲ ውስጥ ያለ ሞተር ለማንም ማስረዳት እንደማይቻል እሱን ጠይቁት።

የቀረው ሁሉ የሀገር ውስጥ ነው። ሊቶሪናዋን፣ ያቺን ፊያት የሰራትን ባለ ሞተር ተሳፋሪ ባቡር፣ ከመድኃኒት ካርቶን ነው የሰራሁት፣ ቀጭን ነው ግን ጠንካራ፣ መስኮቱን በምላጭ ቆርጠህ ሱፐርግሉ ስታጠጣው እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል ከዚያ በአሸዋ ወረቀት ይታሻል። የአዋሽ መሬት የፍየል ጸጉር ቀለም ያለው ደረቅ ነው፣ አፈር በሻይ ማጥሊያ ነፍቼ በውሃ በቀጠነ ኮላ አጣበቅኩት፣ ሰጋቱራውን ቡና አተላ ውስጥ ዘፍዝፌ አድርቄ ለደረቀ ሳር ተጠቀምኩት። የምኮራበት ግራሩ ነው። ቅዳሜ ገበያ የደረቀ ጦስኝ ገዝታችሁ ቅጠሉን ለሻይ አራግፉት፣ የሚቀረው ግንዱ ጠማማ ነው ቅርንጫፉ በትክክል የዛፍ ነው፣ አናቱ ላይ በስሱ የተቆረጠ ስፖንጅ አረንጓዴ ቀብታችሁ ጃንጥላ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት የአዋሽ ግራር ቁጭ! ቤቱም ለሳምንት ይሸታል፣ ደስ በሚል ሽታ። ከውጭ በውድ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ዛፍ አይቼዋለሁ፣ አይደርስበትም።

መብራት። ሞዴል ባቡር 12 ቮልት ዲሲ ነው የሚፈልገው፣ ባጃጅም 12 ቮልት ነው፣ ከዚህ በኋላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ አሮጌ የባጃጅ ባትሪ፣ ለጉዞ ደግሞ ከዩፒኤስ ውስጥ የሚወጣ የታሸገ ባትሪ (የባጃጁ አሲዱ ይፈሳል፣ ሚኒባስ ውስጥ ይዛችሁት እንዳትገቡ)። በመሃል ኤልኤም2596 የተባለችውን ትንሽ ቮልቴጅ መቀነሻ አስገባሁ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ጋ አለች፣ ላይዋ ላይ ያለችውን በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ማስተካከያ ነቅላችሁ ባለ እጀታ ፖቴንሽዮሜትር (እንደ ሬዲዮ ድምፅ መቀነሻ ያለ) ከተካችሁባት ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሆነች፣ አቅጣጫ ለመቀየር ስድስት እግር ያለው ስዊች። ፊውዝ ግን ሳታስገቡ እንዳትነኩት። ፉርጎ ከሀዲድ ሲወጣ ሁለቱን ሀዲድ ያገናኛል፣ የግድግዳ ፓወር ሰፕላይ ቢሆን ራሱን ያጠፋል፣ ባትሪ ግን በራሱ አይጠፋም፣ መቀነሻዋ ካልያዘችው ሽቦ ሊያቀልጥ ይችላል። የድሮ ሬዲዮ ውስጥ ያለችው የብርጭቆ ፊውዝ፣ አንድ አምፒር፣ ትበቃለች። ሌላው የሁለቱን ጫፍ ነገር ነው፣ የኔ መስመር ክብ አይደለም ደርሶ መልስ ነው፣ ስለዚህ ጫፍ ላይ አንዱን ሀዲድ ቆርጬ ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፈዋን እቃ፣ አስገባሁ፣ ባቡሩ እዚያ ሲገባ ኤሌክትሪክ ይቋረጥበትና ይቆማል፣ ስዊቹን ስትገለብጠው ዳዮዱ ያሳልፍለትና ይመለሳል። ልጆች ሲነዱት እንኳ ከጠረጴዛ አይወድቅም። ዳዮዷ 1ኤን4007 ነች፣ ከተበላሸ ቻርጀር ውስጥ ታገኛላችሁ።

አቧራው ሌላ ጣጣ ነው። በጋ ላይ ሀዲዱን በየቀኑ ማጽዳት አለብህ፣ የፋርማሲ አልኮል በጨርቅ። አልኮል የጠፋ ጊዜ ዳግም አረቄ ሞክሬ ነበር፣ ይሰራል፣ ግን ጎረቤት ምን እንደሚያስብ አስቀድማችሁ አስቡበት።

እንግዲህ መንገዱ። ባህር ዳር እንደኔው በባቡር ፍቅር የታመመ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ የድሬዳዋን ሳጥኖች ይሰራል እኔ የአዋሽን፣ ስንገናኝ እንገጣጥማለን። ከጎንደር ባህር ዳር 180 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ በደህናው ጊዜ የሶስት ሰዓት መንገድ፣ አሁን መቼ እንደምትደርስ የሚያውቅ የለም፣ መንገድ ተዘጋ ከተባለ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ቤትህ ነው። ከቤት መናኸሪያ ራሱ አንድ ፈተና ነው፣ ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ። ግን ይሄን ወደ ጥቅም ቀይሬዋለሁ፣ አዲስ ሳጥን ስጨርስ ባጃጅ ተኮናትሬ ኮብልስቶን ለኮብልስቶን አንድ ዙር አዞረዋለሁ፣ እዚያ ላይ ያልተነቀለ ዛፍ ባህር ዳር ድረስ አይነቀልም። ቪቴዎቹ ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉባቸው፣ በንዝረት የሚላሉት እነሱ ናቸው።

መናኸሪያ ስትደርስ ረዳቱ ሳጥኑን አይቶ «ፖርቶመጋላ ላይ ነው ይሄ» ይላል። በጭራሽ። ላይ ከወጣ ጆንያ ይጫንበታል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ አንዴ ከበላዩ ዶሮ ታስሮበት የወረደ ሳጥን አይቻለሁ፣ ግራሮቹ ሁሉ ነጭ ሆነዋል። መፍትሄው ሁለት ሳጥን ፊት ለፊት አድርጎ፣ ግራና ቀኝ የኮምፔርሳቶ ክንፍ አድርጎ፣ በብሎንና ዳዶ ማሰር ነው፣ ዛፉም ቤቱም ውስጥ ይቀራል፣ ከውጭ ደረቅ እንጨት ብቻ፣ ጭን ላይ ይቀመጣል። ከዚህ በላይ የሰፋ ሁለተኛ ወንበር ክፈል ያስብላል።

እና ኬላ። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ስዊች፣ የታሰረ የእንጨት ሳጥን፣ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። አዲስ ዘመን ከተማ ሳንደርስ ሁላችንም ውረዱ ተባለና ፈታሹ ልጅ የኔን ሳጥን ነካ አድርጎ ወደ ኋላ አለ።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው ወንድሜ። ባቡር ነው።»

«የምን ባቡር?»

አጠገቤ ተቀምጠው የመጡ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ከጎንደር ጀምሮ ጭኔን የነካው ይሄ ነው? በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ካቻቢቴ አውጥቼ ዳዶውን ፈታሁ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የባሰ ያስጠረጥራል፣ ሳጥኑን የሚኒባሱ ኮፈን ላይ አስቀምጬ ባትሪውን አገናኘሁ፣ ሊቶሪናዋ ከጣቢያው ተነስታ ግራሩን አልፋ ጫፍ ላይ ቆመች። ስዊቹን ገለበጥኩት፣ ተመለሰች። ልጁ ዝም ብሎ አየና «ድገመው» አለኝ። ከዚያ ጓደኞቹን ጠራ። ሾፌሩ ክላክሱን ቢያስጮህ ማን ሊሰማው፣ አንዱ «ሰው የለበትም እንዴ?» ይላል፣ እናትየው ደግሞ አሁን ከፊት ቆመው «አዙረው እስቲ ለነዚህም ያሳያቸው» እያሉ ያዙኛል። ከዚያ በኋላ ባትሪው ለብቻው በሌላ ቦርሳ ነው የሚሄደው፣ ሳጥኑ ክንፍ ላይ ደግሞ ያለቀውን ጣቢያ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ለጥፌበታለሁ፣ ስልኬ ላይም ሲሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። አሁን ብዙ ጊዜ ፎቶውን አይተው ያሳልፉኛል፣ ካልሆነም ቪዲዮው ይጨርሰዋል።

አሁን የምንጨቃጨቀው በአዋሽ ድልድይ ነው። ጓደኛዬ ድልድዩ ባለ 618 ሚሊ ሜትሩ ትልቅ ሳጥን ላይ ሳይቆረጥ ይሰራ ባይ ነው፣ ገደሉ እንዲታይ። እሱ ባህር ዳር ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀኝ፣ ተሸካሚው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ መሃሉን ለሁለት ከፍለን በሁለት ትንንሽ ሳጥን እንስራው፣ መገጣጠሚያውን በብረቱ ምሰሶ እንደብቀዋለን እላለሁ። እምቢ ካለ የሁለተኛውን ወንበር ሂሳብ እሱ ይክፈል ብዬዋለሁ፣ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።