የዊንቸስተር ቤት መናፍስትን እንዴት እንዳጣራሁ

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ እንግዳ ሲመጣብኝ የዊንቸስተር ቤትን ሳላሳይ አልሸኝም። 160 ክፍል አለው። ከፍተሽ ብትወጪ ውጭ አየር ላይ የሚጥልሽ በር፣ ጣሪያ ጋ ደርሶ የሚያልቅ ደረጃ፣ ወለል ላይ የተገጠመ መስኮት ታያለሽ። ወሬውም ያምራል። የቤቱ ባለቤት ሣራ ዊንቸስተር፣ የዊንቸስተር ጠመንጃ ፋብሪካ ባለቤቶች ምራት፣ ሕፃን ልጇን፣ ኋላም ባሏን ታጣለች። ቦስተን ያለ መናፍስት ጠሪ፣ በዊንቸስተር ጠመንጃ የተገደሉት ሁሉ እየተከተሏት እንደሆነ ይነግራታል። ወደ ምዕራብ ሄዳ ቤት እንድትሠራ፣ መዶሻው ካቆመ ግን እንደምትሞት ያስጠነቅቃታል። እኛ ጋ ውጅግራና ምንሽር የገነኑትን ያህል እዚህ ዊንቸስተር ገናና ነው፤ ወሬውም በዚያው ልክ ተስፋፋ።

እንግዶቼ ሁሌ «ግን እውነት ነው?» ይሉኛል። መልስ ስላልነበረኝ ማጣራት ጀመርኩ።

ደብተር መሃል ላይ መስመር አሰመርኩ። በአንድ በኩል የሚወራውን፣ በሌላው «ማን ነው ያለው? መቼ?» የሚለውን ጻፍኩ። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቶቹን ደረደርኩ (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። ልጇ በ1866 ሞተች። ባሏን በ1881 ሳንባ ነቀርሳ ገደለው። ስምንት ክፍል የነበረውን የእርሻ ቤት የገዛችው በ1886 ነው። መንፈስ የሚያባርራት ሴት አምስት ዓመት ስትቆይ ትንሽ አላበዛችውም? ግንባታው 38 ዓመት ፈጀ ሲባልም ሰምቻለሁ። የሞተችው በ1922 ነው፤ እስቲ ቀንሱት። ሌት ተቀን የተባለውም አይሆንም፤ ሠራተኞቹን ለወራት ያሰናበተችበት ጊዜ አለ።

ስለ ቦስተኑ መናፍስት ጠሪ ደግሞ ከእሷ እጅ የወጣ አንድም ጽሑፍ የለም። ጋዜጦች ገና በሕይወት እያለች ያሟት ነበር፤ እሷ ግን ዝምተኛ ነበረች። በሞተች በዓመቱ፣ በ1923 ቤቱ ለጎብኚ ተከፈተ። በ1924 የመናፍስት ጠሪዎችን ማጭበርበር በማጋለጥ የታወቀው አስማተኛ ሁዲኒ ራሱ መጣ። ቲኬት የሚሸጠው ደግሞ መንፈስ ነው እንጂ ሪህ አይደለም።

ሪህ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉ የጠቀመኝ ዕድሜውን በግንባታ ሥራ የጨረሰ አጎቴን ይዤ መሄዴ ነው። እየተጠማዘዘ የሚወጣ ደረጃ አለ፤ ከ40 በላይ መርገጫ አለው፤ የሚወጣው ግን ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። አስጎብኚዋ መናፍስቱን ለማደናገር ነው አለች። አጎቴ ጎንበስ ብሎ የአንዱን መርገጫ ከፍታ በጣቶቹ ለካ። ሦስት ጣት ገደማ።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አጠረ?»

«ጉልበት ያመማቸው ሰው ናቸዋ ያሠሩት! እናትሽ ይሄን ብታገኝ አትጠላም።»

እውነትም ሣራ በመገጣጠሚያ ሕመም ትሠቃይ ነበር። ክፍል ውስጥ የቀሩትን መስኮቶች ሲያይም አልደነቀውም። ቤት ወደ ጎን ሲጨመርበት የውጭው ግድግዳ የውስጥ ይሆናል፤ መስኮቱም እዚያው ይቀራል። የወለሉ መስኮት ደግሞ ለታችኛው ክፍል ብርሃን ያወርዳል። እሱን ያስደነቀው የአበባ ክፍሉ ነው፦ የወለሉ ሳንቃ ይነሳል፣ ከሥሩ ዚንክ ተነጥፏል፣ አበባ ሲጠጣ የተረፈው ውሃ ወርዶ የታችኛውን አትክልት ያጠጣል። «ይሄ የእብድ ሥራ አይደለም» አለ።

የትም የማያደርሱት በሮችና ደረጃዎች ግን ብዙ ያስቸግራሉ። ለእኔ ቁልፉ የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ባለ ሰባት ፎቁ ማማ ያኔ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሣራ የተጎዳውን እንደነበር መልሳ አላሠራችም። ላይኛው ፎቅ ሲነሳ ወደዚያ የሚወስደው ደረጃ ብቻውን ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት፣ ለእንግዳ ማስረጃን ቀድሞ ማውራት ጨዋታ እንደሚያበላሽ ነው። አሁን መጀመሪያ የመንፈሱን ወሬ አስጨርሳለሁ፣ ከዚያ ደረጃው ጋ አቆማቸውና በጣት አስለካቸዋለሁ። ባሏን በገደለው በሽታ ለሚሠቃዩ ሰዎች ድሮ ትኖርበት በነበረው በኮኔቲከቱ ኒው ሄቨን አካባቢ ሆስፒታል ማሠራቷንም እነግራቸዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ ሁሉንም በጽሞና ሰምታ ስታበቃ፣ «እሺ፣ ብቻሽን ታድሪበታለሽ?» አለችኝ።

ኧረ በስመአብ! አላድርም።