በግ ወይስ ፍየል? እኛ በግ አልን
ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ግቢያችን እርባታ ለመጀመር ስናስብ ልቤ ፍየል ላይ ነበር። ቅጠል ቀጥፋ ትኖራለች፣ መንታም ትወልዳለች። ግን የእኛ ግቢ ቡና ነው፤ ፍየል ደግሞ በኋላ እግሯ ቆማ የችግኙን ጫፍ ስትቀነጥብ ተራ አጥር አይመልሳትም፣ ዝናብም አትወድም፣ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ 2 ሴት የቦንጋ በጎች ገዛን። ላታቸው ሰፊ፣ ጠባያቸው ገራም። እርግዝናቸው 5 ወር ገደማ ነው።

አደራ፣ ረግረግ ላይ አታሰማሩ! የጉበት ትል የሚይዛቸው እዚያ ነው። ማደሪያቸውን ከመሬት ከፍ አድርገን በጣውላ ሠራነው፤ ሽንቱ በክፍተቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰኮናቸው ደርቆ ያድራል። አውራውን ለጊዜው ከጎረቤት እንዋሳለን።