የቤት ማሞቂያው ራዲያተር ለምን ያንኳኳል?

ዛሬ ብርዱ ጠንከር ሲል የኒው ዮርኩ ማንሃተን የድሮ ኮኦፕ (የነዋሪዎች የጋራ ማኅበር) ሕንፃዎች ቧንቧ፣ መዶሻ የያዘ ሰው የገባበት ይመስል ሲያንኳኳ ነው ያደረው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቦይለሩ (የውሃ ማፍያው) አይደለም። ባለ አንድ ቧንቧ የእንፋሎት ማሞቂያ ከሆነ እንፋሎቱ የሚገባውም፣ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው የሚመለሰውም በዚያው ቧንቧ ነው። ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ (እንፋሎቱ ወደሚገባበት መክፈቻ) ካላዘነበለ ውሃው ውስጡ ይተኛል፤ ትኩስ እንፋሎት ሲመጣ ያን ውሃ ገፍቶ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል።

ውሃ ልክ አናቱ ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። ከቫልቩ በተቃራኒ ባሉት እግሮች ሥር ስስ እንጨት ሸጉጡ፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለቱ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቫልቩን ወይ ሙሉ በሙሉ ክፈቱት ወይ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት። «ትንሽ ልቀንሰው» ብሎ ግማሽ ላይ መተው ነው ጣጣው! ጎኑ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ከተደፈነች ደግሞ ብረቱ ግማሹ ይሞቃል፣ ግማሹ በረዶ ይሆናል።

ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ግን እንዳትነኩ። ኮኦፕ ሲባል የሚገዛው አክሲዮን ነው፤ ሕንፃው የማኅበሩ ነው፣ ባለአክሲዮኑ በሊዝ ይኖርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሕንፃው ሱፐር (የጥገና ኃላፊ) ንገሩ።

ቤቱ ጭራሽ ካልሞቀ የኒው ዮርክ ከተማ ሕግ አለ፦ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ውጭው ከ55 ፋራናይት በታች ከወረደ፣ ቤት ውስጥ ቢያንስ 68 መሆን አለበት። ሌሊት 62።