አሮጌው ኮምፒውተሬ ነፍስ ዘራ
ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከጌም ኮምፒውተሬ የድሮውን ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን አንጎል) ራይዘን 5 1600ን አውጥቼ ራይዘን 5 5600 ገጠምኩለት። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሌላው በ2022 የወጡ ናቸው፤ ግን ሁለቱም ኤኤም 4 በሚባለው የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) ላይ ስለሚገቡ ማዘርቦርድም ራምም መግዛት አላስፈለገኝም። ኪሱ ለሳሳ ሰው ትልቅ ነገር ነው!

መጀመሪያ ግን ማዘርቦርዱ አዲሱን ፕሮሰሰር እንዲያውቀው፣ አሮጌው ሳይነቀል ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን የማዘርቦርዱን ሶፍትዌር) ማደስ ግድ ነው። ልቤ የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል ከጎረቤቴ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ተውሼ ነው የጀመርኩት።

ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሙቁትና አጥፉት። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ እያዟዟራችሁ አንሱት። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ከያዘው ፕሮሰሰሩም አብሮ ይነቀላል፣ እነዚያ ቀጫጭን ፒኖች ከተጣመሙ ደግሞ ጣጣ ነው።

ጌሙ አሁን መቆራረጡን ትቷል። ግራፊክስ ካርዱ ያው የድሮው ነው፤ እሱ ለፋሲካ ይደርሳል።