ልብስ ማስጫ ሆኖ የከረመው ብስክሌቴ

በስድስተኛው ዙር ላይ ፔዳል መምታት አቆምኩ።

እግሬ አልዛለም። ጎማዬ አልተነፈሰም። የገፋኝም ሰው የለም። ከፊቴ ያለው ልጅ መጀመሪያ አንድ ሜትር ራቀኝ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አስር። ተነስቼ ብመታ እደርስበት ነበር። "ይሂዱ" አልኩ በሆዴ። ሄዱ።

ወደ ዳር ወጣሁና ቁጥሬን ጀርባዬ ላይ የያዙትን አራት መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ጋሼ ሮጥ ሮጥ እያሉ መጡ። ጋሼ የሀገሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል፣ አሁን በየውድድሩ ባንዲራ ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

"ካቴናዬ ወለቀ።"

ካቴናውን አዩት። እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2023፣ ኦገስት ላይ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው፤ እዚህ ስኖር የለመደብኝ እሱ ነው።) ከዚያ ቀን በኋላ ከዓመት በላይ አልተወዳደርኩም።

ከብስክሌት ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰው ሀገር እንደገባሁ ያገኘሁት ሥራ መጋዘን ውስጥ ነበር፣ የሌሊት ሽፍት። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ገና አይጀምርም። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ። አንድ ቀን ጠዋት ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆሙ ሦስት ሰዎች "ና ተከተለን" አሉኝ። ያሉኝም በእጃቸው ነው፤ ቋንቋውን ገና በወጉ አልችልም ነበር።

ቋንቋ ያልለመደ ስደተኛ ቀኑን ሙሉ ሲተረጉም ነው የሚውለው። ሰው ቀልዶ ሁሉም ይስቃል፣ አንተ ሦስት ሰከንድ ዘግይተህ ትስቃለህ። ብስክሌት ላይ ግን እንዲህ የለም። የፊተኛው ጣቱን ወደ መሬት ከጠቆመ ጉድጓድ አለ። እጁን ከወገቡ ኋላ ካወዛወዘ ዳር ላይ የቆመ መኪና አለ፣ ጠጋ በል። ክርኑን ነቅነቅ ካደረገ "ደከመኝ፣ አንተ ምራ" ማለቱ ነው። ይህን ቋንቋ በአንድ ጠዋት ቻልኩት። የሚያርመኝም አልነበረም።

ሌላው የማረከኝ ነገር ንፋሱ ነው። ሜዳ ላይ በፍጥነት ስትጋልብ አብዛኛው ጉልበትህ ንፋስ ለመግፋት ነው የሚያልቀው። ከሰው ጀርባ ከተጠለልክ ሲሶ ያህሉን ታተርፋለህ። ስለዚህ ልታሸንፈው የመጣኸው ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ መጠለያህ ነው። እኔ ይህን ስፖርት የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ መወዳደር ጀመርኩ። መነሻው መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ እኔ ብቻ ነኝ። አስተዋዋቂው ስሜ ላይ ሲደርስ ይደነቃቀፋል። "ኢትዮጵያዊ ነህ? ታዲያ ለምን አትሮጥም?" የሚለኝ አይጠፋም፣ ያውም በቅንነት። እኔም ስለ ጽጋቡ ግርማይ እነግራቸዋለሁ፤ በ2016 በትልቁ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። "ኦ!" ይላሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለምን እንደማልሮጥ ይጠይቁኛል። እየሳቅኩ ነበር የምመልሰው፣ ግን ነገሩ ቀስ እያለ ውስጤ ገባ። እነሱ ሲወዳደሩ እኔ እፈተን ነበር።

በዚያ ላይ በ2023 ኤፕሪል ላይ ወደቅኩ። ዝናብ ጥሎ ነበር። ከተማ ውስጥ አጭር ዙር እየተደጋገመ የሚካሄድ፣ ክሪቴሪየም የሚባለው ውድድር ነው። ሁለተኛው ኩርባ ላይ የእግረኛ ማቋረጫ አለ። ነጩ ቀለም ሲረጥብ ሳሙና ማለት ነው። የፊት ጎማዬ ከሥሬ ሸሸ። ዳሌዬና ክርኔ ተላጠ፣ አጥንት አልተነካም። በሦስት ሳምንት ቆዳው ጠገገ። ድኛለሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ኩርባ በመጣ ቁጥር ጣቴ ፍሬን ላይ ትሄድ ነበር። ግማሽ ሰከንድ ብትሆን ነው። እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም። የታወቀኝ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ሳንባዬ መቃጠሉ ብቻ ነው። "ጉልበቴ ወርዷል" ብዬ ደመደምኩ።

ጉልበቴ ወርዷል ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ልምምድ ይጨምራል። ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ፣ ባለህበት ፔዳል የምትመታበት መቆሚያ ላይ ሰካሁት። የ20 ደቂቃ ፈተና የሚባል ነገር አለ። 20 ደቂቃ ያለ የሌለ ኃይልህን ትሰጣለህ፤ ከአማካይ ዋትህ 95 በመቶው አንድ ሰዓት ያህል ልትዘልቅበት የምትችለው ጉልበት ግምት ይሆናል። ስሙ ራሱ ፈተና! በየአስር ቀኑ እፈተን ነበር፣ ከሌሊት ሽፍት መልስ፣ አራት ሰዓት ተኝቼ። ቁጥሩ ወረደ። ልምምድ ጨመርኩ። ይባስ ወረደ። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የምለካው የልብ ምቴ ከወትሮው ከፍ አለ። ድካሜ ሲበዛ እንቅልፌ ጠፋ። በትንሽ ትልቁ መቆጣት ጀመርኩ። ማንኛውም አሰልጣኝ የሚያውቃቸው የዕረፍት ማጣት ምልክቶች ናቸው። እኔም አውቃቸዋለሁ። ጓደኛዬ ላይ ባያቸው ብስክሌቱን ነጥቄ እደብቅበት ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው ስድስተኛው ዙር ላይ የደረስኩት።

ብስክሌቱን መቆሚያው ላይ እንደተሰካ ተውኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ ፎጣ ጣል አደረገችበት። "ላንሳው?" አለችኝ። "ተዪው" አልኳት። ቀጥሎ ካልሲ መጣ። ቀጥሎ የልጃችን ቱታ። መሪው ለሸሚዝ፣ ኮርቻው ለፎጣ፣ ፔዳሎቹ ለካልሲ። እውነቱን ለመናገር ግሩም ማስጫ ነበር።

ያን ሰሞን ስለ ቶም ዱሙላን ደጋግሜ አስብ ነበር። በ2017 የጣሊያኑን ትልቅ ውድድር ጂሮ ዲታሊያን ያሸነፈው ሆላንዳዊ ነው። በጃንዋሪ 2021 ከቡድኑ የልምምድ ካምፕ ወጥቶ ላልተወሰነ ጊዜ ራሱን ከውድድር አገለለ። ጁን ላይ ተመለሰ። ጁላይ ላይ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በክሮኖ፣ ማለትም ብቻን ከሰዓት ጋር በሚደረገው ውድድር፣ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ሰው ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እኔን ያሳረፈኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ2022 ጨርሶ ለቀቀ። ተመልሶ፣ ሜዳሊያ አግኝቶም መተው ይቻላል ማለት ነው። "መቼ ትመለሳለህ?" ለሚለኝ ሁሉ መልስ ዕዳ እንደሌለብኝ የተሰማኝ ያኔ ነው።

ደግሞ ቢንያም አለ። ጁላይ 1፣ 2024 ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ቱሪን ከተማ ላይ የቱር ደ ፍራንስን ሦስተኛ ቀን አሸነፈ። በቱር ታሪክ አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ። ሜይ ላይ ጂሮን ወድቆ ያቋረጠ ልጅ ነው! ሥራ ቦታ፣ በዕረፍት ሰዓቴ፣ ስልኬ ላይ አየሁት። ካርቶን ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በኋላም ሁለት ቀን ደገመና በነጥብ የሚመራው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ እንደለበሰ ውድድሩ ወደሚያልቅበት ኒስ ገባ። ስልኬ ሲጠራ አመሸ። "በቃ አሁንማ ትመለሳለህ!" ሁሉም እንደዚያ አለ።

በነጋታው ብስክሌቱ ላይ ያለው ቱታ ደርቆ አገኘሁት። አነሳሁትና ሌላ እርጥብ ልብስ ሰቀልኩ።

ኦገስት ላይ ጋሼ ደወሉ። "ባንዲራ የሚይዝ ሰው ጎድሎናል። እሁድ ትመጣለህ" አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ጋሼን እምቢ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። የመደቡኝ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው፣ የወደቅኩበት። ሆነ ብለው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

የተወዳዳሪዎቹ መንጋ ሲመጣ ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ። ውስጡ ሆነህ አይታወቅህም፤ ያኔ የምትሰማው የራስህን ትንፋሽ ነው። ዳር ቆመህ ግን እንደ ንብ ቀፎ ሆኖ ይመጣል፣ የጎማው፣ የካቴናው፣ የማርሹ ድምፅ ተደባልቆ። በፊቴ ሲያልፉ ንፋሳቸው ባንዲራውን ጠመዘዘው። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

መጀመሪያ ያየሁት ድምፁን ነው ልበል። ሁለተኛ ያየሁት ኩርባውን ነው። ፊት ያሉት አስር ሰዎች በአንድ መስመር ገብተው በአንድ መስመር ወጡ። ፍሬን የነካ የለም። መሃል ያሉት ትንሽ ቀዘቀዙ። ኋላ ያሉት ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ፍሬኑ ጮኸ። ከኩርባው ሲወጡ ከኮርቻ ተነስተው እንደ መጨረሻ ዙር መቱ፣ የሸሸውን ጎማ ለመድረስ። ልክ እንደ አኮርዲዮን ነው፣ ፊቱ ሲጠጋ ኋላው ይጨመቃል፣ ከዚያ ይለጠጣል። ውድድሩ 40 ዙር ነው። ዙሩ አራት ኩርባ አለው። ኋላ ያለው ሰው 160 ጊዜ ይሮጣል ማለት ነው። ፊት ያለው አንዱንም አይሮጥም።

መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ነበር። ኩርባው ገና ሳይደርስ ጣቱ ፍሬን ላይ ናት። እያንዳንዱ ዙር ላይ አየሁት። ያቺን ጣት አወቅኳት።

የእኛ ውድድር አልቆ ቀጣዩ እስኪጀመር ጋሼ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ድንገት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"ካቴና የወለቀበት ሰው ወደ ጥገናው ድንኳን ነው የሚሮጠው። እስኪጠግን የሚያመልጠው አንድ ዙር በነፃ ይሰጠዋላ። አንተ ቁጥርህን ፈታህ።"

ዓመት ሙሉ ይዘውት ነበር! የምለው ጠፋኝ።

"ይኼ ኩርባ ነው የያዘህ?"

"መሰለኝ ጋሼ።"

"እንግዲያው ኩርባ መማር ነው። ይኼ ደግሞ ምን ያሳፍራል?"

እሁድ እሁድ ጠዋት ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተገናኘን። የውሃ ፕላስቲኮች ደረደሩልኝ። ፍጥነትና ዋት የሚያሳየኝን ትንሽ ኮምፒውተር ከመሪው ላይ አስነሱኝና ኪሳቸው ከተቱት። ትምህርቱ ብዙ አይደለም። ፍሬን ከኩርባው በፊት እንጂ ውስጥ ገብተህ አትይዝም። በውጭ በኩል ያለውን ፔዳል ወደ ታች ትረግጣለህ፣ ክብደትህን በሙሉ እሱ ላይ ትጥላለህ። ከውጭ ገብተህ፣ ውስጡን ነክተህ፣ ወደ ውጭ ትወጣለህ። ከሁሉ የከበደኝ ዓይን ነው። ብስክሌት ዓይን ወደሚያይበት ነው የሚሄደው፤ ፕላስቲኩን ካየህ ፕላስቲኩን ትመታለህ። ስንቱን መታሁት! "መውጫውን እይ! መውጫውን!" ይጮሃሉ ጋሼ። ሳቅ ይዞኝ ወደቅኩ አንዴ፣ በቀስታ፣ ጫማዬ ፔዳሉ ላይ እንደተቆለፈ።

ሽፍቴንም አስቀየርኩ። ቀን መሥራት ጀመርኩና እንቅልፌ ተመለሰ። ፈተናውን እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

ፍላጎቴ የተመለሰበትን ቀን ቁጭ አድርጌ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ምሽት ግን ባለቤቴን "እባክሽ ይሄን ፎጣ አንሺልኝ" አልኳት። "ታዲያ የት ላስጣ?" አለች። ለጥቂት ነው ሳንጣላ የቀረነው። የብረት ማስጫ ገዛሁላት።

በ2025 ኤፕሪል ላይ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ከመሃል ትንሽ ኋላ ሆኜ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ዘነበ፣ ጣቴ ወደ ፍሬኑ ተመለሰች፣ ተቆርጬ ቀረሁ። ያን ቀን ቁጥሬን ሳልፈታ ዳር ቆሜ የመጨረሻው ዙር ደወል እስኪደወል አየሁ።

ሦስተኛው ላይ ሁለት ዙር ሲቀር ስምንተኛ ነበርኩ። ስምንተኛ! ሁለተኛውን ኩርባ ፍሬን ሳልነካ ወጣሁ፣ ማርሽ ቀየርኩ፣ ተነስቼ መታሁ። ፔዳሉ ባዶ ዞረ። እግሬ ስር ምንም የለም። መንጋው በግራና በቀኜ አለፈ። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ በነፃ የሚሰጥ ዙር የለም። ዳር ላይ ተንበርክኬ፣ እየተሳደብኩ፣ በሁለት እጄ ስታገል ጋሼ ባንዲራቸውን ይዘው ሮጥ ሮጥ እያሉ መጡ።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

"ካቴናዬ ወለቀ!"

ቆም ብለው አዩኝ። ግራሶ የለቀለቀውን እጄን ወደ ላይ አነሳሁላቸው፣ አስሩንም ጣት።