ባትሪው ምን አጠፋ?

ሐዋሳ ላይ የጀልባ ሙዚቃ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚከሰሰው ባትሪው ነው። ቀጥሎ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር (አምፑ) ይከሰሳል። ሽቦውን ጠርጥሮ የመጣ ደንበኛ ግን አይቼ አላውቅም። ሽቦ ወይ አይጮህ፣ ወይ አያበራ፤ ዝም ብሎ የተኛን ነገር ማን ይጠረጥረዋል?

እኔ የመኪና ቴፕና የድምፅ ዕቃ ሠሪ ነኝ። ሱቄ አቶቴ አካባቢ ነው። የዕለት እንጀራዬ ባጃጅና ሚኒባስ ሲሆን ጀልባ የሚመጣብኝ በሠርግ ሰሞን ነው። ያኔ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል፣ ፎቶ ሊነሱ ይወርዳሉ። የቻለ ጀልባ ተከራይቶ ውሃው ላይ ይጨፍራል። ጭፈራ ደግሞ ያለ ቤዝ፣ ያለ ወፍራሙ ድምፅ፣ አይደምቅም። ስለዚህ ባለጀልባዎቹ እየተፎካከሩ ትልልቅ ስፒከር ያስገጥማሉ።

ጥር ላይ አንድ ጠና ያሉ ባለጀልባ ሱቄ መጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ቅዳሜ ሙሽሮች ጭነው ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ሙዚቃው ጠፋ። በራ። ደግሞ ጠፋ። ድምፁን ሲቀንሱት ይሠራል፤ ከፍ ሲያደርጉት ቤዙ አንዴ «ዱም» ይልና ፀጥ። ሚዜዎቹ በጭብጨባ ተወጡት። ከኪራዩ ግማሹ ግን በዚያው ቀረ።

«ባትሪ እኮ ቀይሬያለሁ» አሉኝ። «አዲስ ገጠምኩ፣ ያው ነው። አሁን አምፑን ልቀይረው ነው። ጥሩ አምፕ ካለህ ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ አምፕ ከመግዛትዎ በፊት ጀልባዋን ልያት።»

«ምኗን ነው የምታያት? እዚያ ከተሰለፉት ሁሉ ቆንጆዋ የኔ ናት!»

እውነታቸውን ነው፣ ቆንጆ ናት። ፋይበር ጀልባ ናት። ሞተሯ ከኋላ ተንጠልጥሏል፤ ባትሪው እሱው አጠገብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አምፑና ቤዙን የሚያወጣው ትልቅ ስፒከር (ሰብዉፈሩ) ያሉት ደግሞ ፊት፣ ወንበር ሥር ነው። በመካከላቸው አራት ሜትር ያህል ሽቦ አለ። ከላይ ሸራውን የተሸከመ የብረት ቱቦ ዙሪያዋን ይዟታል። በቅርቡ ቀለም ስለተቀባ ያብረቀርቃል።

የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ አወጣሁ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት። ያረፈና የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ 12.2 ቢሆን ግማሽ ገደማ ወርዷል እል ነበር። ቀጥዬ አምፑ መግቢያ ላይ ለካሁ፤ 12.5። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባትሪው ላይ ቮልት አለ፣ አምፑም ጋ ደርሷል፣ እንግዲያው የተበላሸው አምፑ ነው ይላል። ሙዚቃ ሳይከፈት የተለካ ቮልት ግን የተዘጋ ቧንቧ ግፊት ነው። ውስጡ በዝገት ቢደፈንም ግፊቱ ሙሉ ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ሲከፈት ነው።

ለባለጀልባው ረዳት ልጅ «ክፈተው፣ እስኪጠፋ ድረስ ጨምረው» አልኩት። ቤዝ ሲመታ ቁጥሩ ስለሚዘል በዓይን መከተል ይከብዳል። ደግነቱ ቴስተሬ ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ የሚያስቀር ቁልፍ አለው። ባትሪው ላይ ዝቅተኛው 12.2 ሆነ። አምፑ ላይ 9.9። ብዙ አምፖች ከ10 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድባቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። እንግዲህ አምፑ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ባትሪውም እንደዚያው። 2.3 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ ለማወቅ አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፑ ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ። የአንድ ሽቦ ሁለት ጫፎች ናቸውና ሽቦው ደህና ቢሆን ቁጥሩ ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ሙዚቃው ሲጮህ 0.8 አሳየ። ያው ሙከራ በኔጌቲቩ በኩል 1.5 ሰጠኝ።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ባለጀልባው ከትከሻዬ በላይ እያዩ።

«ጋሼ፣ ቤዝዎን የሚበላው ይሄ ነው።»

ኔጌቲቩን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከአምፑ ወጥቶ ስንዝር ሳይሄድ የጣሪያው ቱቦ ላይ በቡሎን ታስሯል። ከኋላም የባትሪው ኔጌቲቭ እዚያው ቱቦ ላይ ታስሯል። ወዲያው ገባኝ፤ የገጠመላቸው የመኪና ሰው ነው። መኪና ላይ ማሳ፣ ማለትም የኔጌቲቩ መመለሻ፣ ከቦዲው ይያዛል። ቦዲው ሰፊ ብረት ነው፣ የተበየደ ነው፣ ስንቱን አምፔር ያለ ችግር ይመልሳል። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሰውየው ማሳ ሲፈልግ ያገኘው ብረት ያ ቱቦ ብቻ ነበር። ቱቦው ደግሞ ከሦስት ቦታ በቡሎን የተቀጣጠለ ነው። ከላይ ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ዝገት። በነገራችን ላይ የሰውየው እጅ ንፁህ ነው፤ ናስትሮ (የሽቦ ፕላስተር) አጠቃለሉ ራሱ ያስቀናል። ለመኪና ቢሆን ምንም አልለውም ነበር። ጀልባ ግን ቦዲዋ ብረት ቢሆን እንኳ ማሳ አይያዝባትም፤ በብረቱ በኩል አልፎ ወደ ውሃው የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ጀልባ ላይ ኔጌቲቭ የራሱ ሽቦ ኖሮት ባትሪው ድረስ መመለስ አለበት።

የመሃለኛውን መጋጠሚያ ቡሎን በጣቴ ነካሁት። ያቃጥላል። አምፑ ሲከርር 30 አምፔር ገደማ ይስባል። 1.5 በ30 ሲባዛ 45 ዋት ሙቀት ነው። ሱቄ ውስጥ ሽቦ ለመበየድ ስታኞ የማቀልጥበት ካውያ 40 ዋት ነው። እርግጥ ቡሎኑ ያን ያህል የሚግለው ቤዙ በሚመታበት ቅጽበት ነው፤ ሙቀቱንም ከሌሎቹ መጋጠሚያዎች ጋር ይካፈላል። ቢሆንም የቤንዚን ጀሪካኑ ከዚያ ቡሎን አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ልጁን «ዝጋው» አልኩት። ጀሪካኑም ከጀልባዋ ወረደ።

የፖዘቲቩ ነገር ቀላል ነው። የተዘረጋው ለቤት ሶኬት የምንዘረጋው ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር) ሽቦ ነው። በአራት ሜትር ላይ 30 አምፔር ሲያልፍበት ከ0.8 ቮልት በላይ ይጥላል፤ ስሌቱም ቴስተሩም አንድ ነገር ተናገሩ። የባሰው ፊውዙ ነበር። ባትሪው አጠገብ መሆን ሲገባው አምፑ ጋ ነው ያለው። ከፍቼ ሳየው ደግሞ ተቃጥሎ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት ልጁን።

«እየተቃጠለ አስቸገረና...»

ባለጀልባው ገልመጥ አደረጉት። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ ያን ቱቦ ቢነካ፣ አራት ሜትር ርቆ ያለ ፊውዝ ምንም አያድንም። ባትሪው ያለ የሌለውን ይለቅበትና ሽቦው ይነዳል። በወረቀት ሲጠቀለል ደግሞ ጭራሽ ፊውዝ የለም ማለት ነው።

ባለ 16 ሽቦ ለፖዘቲቭም ለኔጌቲቭም ልንገዛ ወጣን። እዚህ ላይ ገበያውን የማያውቅ ይበላል። ቀይና ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያምር ሽቦ ይሰጡሃል። ጫፉን በምላጭ ስትፍቀው ውስጡ ነጭ ነው፤ አሉሚኒየም ላይ መዳብ ቀብተውት ነው። ከንፁህ መዳብ ሲነፃፀር የሚያስተላልፈው በሲሶ ያህል ያነሰ ነው፤ እርጥበት ሲነካውም ቶሎ ይበላል። ነጋዴው ስፍቅበት ደስ አላለውም። ሁለተኛው ሱቅ ላይ እስከ ውስጡ ቀይ የሆነውን አገኘን፤ ዋጋውም ቀይ ነበር።

ሥራው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ሁለቱን ሽቦዎች ጎን ለጎን ከባትሪ እስከ አምፕ ዘረጋሁ። ጫፎቹን በቀለበት ተርሚናል ጨምቄ ቫዝሊን ቀባኋቸው። ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ገባ። ቱቦው ሸራ መሸከሙን ቀጠለ። ሙዚቃው ሲከፈት ባትሪው ላይ 12.2፣ አምፑ ላይ 11.8። ሞተሩ ሲነሳ ግን ስፒከሩ እንደ ትንኝ ማፏጨት ጀመረ፤ ሞተሩ ሲጮህ ፉጨቱም ይቀጥናል። ከቴፑ የሚመጣው የድምፅ ገመድ ከኃይል ሽቦው ጋር ታስሮ ኖሯል። በሌላው ጎን ሳዞረው ተወ።

ከዚያ የማይወዱትን ነገርኳቸው። እንዲህ ያሉ አነስተኛ የጀልባ ሞተሮች በደንብ ሲሮጡ የሚያመነጩት ከ6 እስከ 10 አምፔር ቢሆን ነው። ሙሽራ ይዘው ቀስ እያሉ ሲንሸራሸሩ ደግሞ እሱም የለም። አምፑ በአማካይ 10 አምፔር ቢስብ፣ ባለ 70 አምፔር-ሰዓቱ ባትሪ በሦስት ሰዓት ተኩል ግማሹን ይጨርሳል። ከዚያ ሞተሩን ለማስነሳት ገመድ መጎተት ነው። ጉማሬዎቹ ጋ ደርሰው ቢሆንስ?

«እና ምን ይሻላል?»

«ለሞተሩ አንድ፣ ለሙዚቃው አንድ። ሁለት ባትሪ።»

ትንሽ አሰቡና ግንባራቸውን መቱ። አሮጌውን ባትሪ «ሞቷል» ብለው ለእህታቸው ልጅ ሰጥተውት ነበር። ልጁ ፀጉር ቤት አለው። አብረን ሄድን። ባትሪው ጥግ ላይ ተቀምጦ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለት አምፖልና አንድ መላጫ ያንቀሳቅሳል። ለካሁት፤ ምንም አልሆነም።

«አምጣው በል፣ ተሳስቼ ነው» አሉት።

ልጁ መላጫውን ሳያጠፋ ዞር አለ። «አጎቴ፣ ሞቷል ብለህ አይደል እንዴ የሰጠኸኝ? ሬሳ ይመለሳል?»

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ሳቀ፤ ጋሼም ሳቁ። ባትሪው የተመለሰው ለፀጉር ቤቱ አነስ ያለ ሌላ ባትሪ ከተገዛ በኋላ ነው።