ከአንጀት የተሠራ ፊኛና ጠጠር፦ የመጋቢት ማስታወሻ

መጋቢት፣ ሀዋሳ። ሙቀቱ ሲከር ላብ ይበዛል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ጤነኛ ፊኛ ያለው ሰው ይህን በአንድ ጆግ ውሃ ይገላገለዋል። ፊኛው በቀዶ ጥገና በአንጀት ለሰፋ ወይም እንደ አዲስ ለተሠራለት ሰው ግን ጠጠር የሚመቸው ጊዜ ይሄው ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ስለሚቀጥለው የዕለት ሥራ ግን የሚነገረው ጥቂት ስለሆነ እዚህ ላይ ላስፍረው።

ቀዶ ጥገናው የሚደረግላቸው ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ የተወለዱ (ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው) ልጆች፣ ፊኛቸው ከሆድ ውጭ ሆኖ የተወለዱ፣ በካንሰር ምክንያት ፊኛቸው የወጣላቸው፣ አንዳንዴም በወሊድ ፊስቱላ ፊኛቸው ክፉኛ የተጎዳ እናቶች። (ፊስቱላ ላለባት እናት ከሀዋሳ ቅርብ የሆነው ይርጋለም ያለው የሐምሊን ማዕከል ነው።) ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የጠጠሩ አፈጣጠር በአብዛኛው አንድ ነው።

አንጀት ፊኛ ላይ ቢሰፋም አንጀትነቱን አይተውም። ልጋግ ማመንጨቱን ይቀጥላል፤ ከዓመታት በኋላ ይቀንስ ይሆናል፣ አይቆምም። እንደ ፊኛ ጡንቻ ተኮማትሮ ሽንቱን ጠርጎ ስለማያስወጣም ሁልጊዜ የሚተርፍ አለ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሽንታቸውን በካቴተር፣ ማለትም ወደ ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ይቀዳሉ፤ ካቴተር በገባ ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያ አብሮ ይገባል። ከባክቴሪያዎቹ መካከል ፕሮቲየስን የመሳሰሉት ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰብረው አሞኒያ ያደርጉታል። ያኔ የሽንቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ7 በላይ ይወጣል፤ ማግኒዥየም፣ አሞኒየምና ፎስፌት ተያይዘው ልጋጉ ላይ ይረጋሉ። ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር ይህ ነው፤ ነጭ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ትልቅ መሆን የሚችል። መነሻው ግን ሁልጊዜ ልጋግ ላይሆን ይችላል። የማይሟሟ የስፌት ክር፣ የብረት ስቴፕል፣ ከካቴተር የተቆረጠ ቁራጭ፣ ካቴተሩ ገፍቶ ያስገባው አንድ ፀጉር እንኳ ይበቃል። ካቴተር በሽንት ቧንቧ የሚያስገባ ሰው አካባቢውን ፀጉር አሳጥሮ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ትርፍ አንጀትን እንደ ቧንቧ ተጠቅሞ በእምብርት በኩል ካቴተር የሚያስገባው ዘዴ በፈረንሳዊው ሐኪም በሚትሮፋኖፍ ስም ይጠራል፤ እሱ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዊልቸር ላይ ላለች ልጅ ልብሷን ሳታወልቅ መሽናት ትልቅ ነፃነት ነው፣ እኔም በዚህ አልከራከርም። ጉድለቱ ግን ሽንቱ የሚቀዳው ከላይ መሆኑ ነው። የጠላ ጋን ከአፉ ሲቀዳ አተላው ታች እንደሚቀር፣ እዚህም ልጋጉና አሸዋው ፊኛው ወለል ላይ ይቀራል። ስለዚህ በእምብርት የሚቀዳ ሰው ከሌላው በላይ ማጠብ አለበት።

ስለ ማጠቡ።

የሚያስፈልገው 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ጫፉ ረዘም ብሎ ካቴተር ውስጥ የሚገጥም ሲሪንጅ ነው። ፋርማሲ ውስጥ በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገቡ ሕመምተኞች የሚሸጠውን ማለት በቂ ነው፤ የመርፌው ዓይነት ጫፍ ያለው አይሆንም። ካቴተሩ ቧንቧው የሚፈቅደው ትልቁ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 14 ነው፤ 14 ማለት ውፍረቱ 4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቀጭን ካቴተር ውሃ ይገባል፣ ልጋግ ግን አይወጣም።

የማጠቢያው ውሃ ጨው ያለው ቢሆን ይሻላል፤ የአንጀት ግድግዳ ውሃንም ማዕድንንም ስለሚመጥ ባዶ ውሃ በብዛት ማስገባት አይመከርም። የታሸገ ኖርማል ሳላይን ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 9 ግራም የገበታ ጨው፣ ማለትም በትንሽ የሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ልሙጥ፣ ጨምሮ ከድኖ 10 ደቂቃ ማፍላት፣ ሳይከፍቱ ማቀዝቀዝ። ፍሪጅ ከሌለ በማግስቱ ይደፋ፤ በሀዋሳ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ የጨው ውሃ ለፊኛ አይሆንም። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻ መያዝ ብልህነት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ካቴተሩ ገብቶ ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ይቀዳል። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ የጨው ውሃ ጠንከር ብሎ ይገባል፤ ጠንከር ማለቴ ወለሉ ላይ ያለው እንዲናወጥ ነው፣ እስኪያም ድረስ ማለቴ አይደለም። መልሶ ይሳባል፣ የወጣው ይደፋል፣ ሌላ ይሞላል። አራት ጊዜ ሲደረግ 240 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በቀን ቢያንስ ይህ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ሲሪንጅ ገፍቶ «ታጠብኩ» ይላል። ልጋግን የሚያወጣው የውሃው ብዛት ነው፤ አራተኛው ላይም ልጋግ ካለ አምስተኛና ስድስተኛ ይጨመር። ከዚህ በፊት ጠጠር የወጣለት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ እንዲያጥብ ሐኪም ሊያዝ ይችላል።

ገብቶ አልመለስ ካለ የካቴተሩ ቀዳዳ በልጋግ ተደፍኗል ወይም የፊኛው ግድግዳ ላይ ተጣብቋል ማለት ነው። በኃይል አይሳብም። ካቴተሩን ማዞር፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ፣ ጎን መቀየር፣ ወደ ፊት ጎንበስ ማለት። ካልሆነ ካቴተሩን አውጥቶ አጥቦ እንደገና። መውጣት ያልቻለ ውሃ ላይ ሌላ ውሃ መደራረብ ግን አደገኛ ነው። በመጨረሻም ካቴተሩ ሲወጣ ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ሽንት እንደገና መፍሰስ ከጀመረ እዚያው ይቁም፣ ሲያበቃ ይቀጥል። ያ የመጨረሻው ጠብታ ነው ጠጠር የሚሆነው።

ቀዶ ጥገናው አዲስ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠኑንም ጉልበቱንም የሚወስነው የሠራው ሐኪም ብቻ ነው።

ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ፊኛ ውስጥ ማስገባት ፈጽሞ አይሞከርም። ስትሩቫይትን የሚያሟሙ አሲድ ያላቸው የሐኪም ማጠቢያዎች አሉ፣ እነሱም በክትትል ሥር የሚሰጡ ናቸው። ሎሚውን መጠጣት ሌላ ነገር ነው፣ ጉዳት የለውም።

ከጠጠር ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው አንቲባዮቲክ ላይ ይመስለኛል። ከአንጀት የተሠራ ፊኛ ያለውና በካቴተር የሚቀዳ ሰው ሽንቱ በማንኛውም ቀን ቢመረመር ባክቴሪያም ነጭ ሴልም ይገኝበታል። ውጤቱን ያየ ሁሉ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያዛል፣ ወይም ሰውየው ራሱ ይገዛል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሠራለት መድኃኒት ያጣል። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም፣ አዲስ የሽንት ማምለጥ ወይም ደም ከሌለ ባክቴሪያ መኖሩ ብቻውን አያሳክምም። ልዩነቱ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ) ላይ ፕሮቲየስ በተደጋጋሚ ሲመጣ ነው፤ ፒኤቹም 7.5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ጠጠር እየተሠራ ወይም ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ናሙናው ከአዲስ ካቴተር የተቀዳ ይሁን፤ ከኩባያ ወይም ከሽንት ከረጢት የተወሰደ ካልቸር ያሳስታል።

ውሃ። አዋቂ በቀን 2 ሊትር ገደማ እንዲሸና መጠጣት አለበት፤ በእኛ ሙቀት ይህ እስከ 3 ሊትር መጠጣት ማለት ነው፣ ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ይቀበል። ጠጠሩን ከስምጥ ሸለቆው ውሃ ጋር የሚያያይዙ አሉ። በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ መብዛቱ እውነት ነው፣ ጥርስና አጥንትን ይጎዳል፣ ማፍላትም አይቀንሰውም፤ ይህን ጠጠር የሚሠራው ግን ልጋጉና ባክቴሪያው ናቸው። ጾም ደግሞ መታሰብ አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ወይም የረመዳን ቀን ለዚህ ፊኛ ይከብዳል፤ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፣ ሁለቱም ዘንድ ለታመመ ሰው መንገድ አለ። «ቢራ ጠጠር ያወርዳል» የሚለውን ግን ከልብ እቃወማለሁ። ቢራ ፊኛን በአንድ ጊዜ ይሞላል፣ ሰውየውን ያስተኛዋል፤ የተሰፋ ፊኛ ደግሞ ከመጠን ሲሞላ ሊቀደድ ይችላል። የገብስ ውሃና ተልባ ፈሳሽ በመሆናቸው ብቻ ጥሩ ናቸው።

በቀን በየ4 ሰዓቱ መቅዳት፣ የአዋቂ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር እንዳያልፍ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መኪና ከመሳፈሩ በፊት ይቅዳ፤ 275 ኪሎ ሜትሩ ጠዋት ቢጀመርም መንገዱ ሲዘጋ ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ጠጠር መኖሩ የሚታወቀው፦ ካቴተሩ አንድ ነገር ሲነካ፣ ማጠቢያው አሸዋ ሲያወጣ፣ ደም ሲታይ፣ ደርቆ የነበረው ሰው በሁለት መቅዳት መሃል ሽንት ማምለጥ ሲጀምረው፣ ኢንፌክሽኑ ታክሞ በወሩ ሲመለስ። የጀርባ አጥንቱ ሳይዘጋ የተወለደ ሰው ግን ሕመም ላይሰማው ስለሚችል ምልክት መጠበቅ አይበቃም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የፊኛና የኩላሊት አልትራሳውንድና ራጅ ይነሳ። አልትራሳውንዱ የተከማቸ ልጋግን ጠጠር ሊያስመስለው ስለሚችል ታጥቦ መሄድ ይጠቅማል። አብሮም በደም ምርመራ ክሬቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ)፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ይታይ፤ አንጀቱ ከሽንት አሲድ መልሶ ስለሚመጥ ደም ወደ አሲድነት ያደላል፣ አጥንት ካልሲየም ያጣል፣ ይህም ለሌላ ዓይነት ጠጠር መንገድ ይከፍታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቫይታሚን ቢ12 መጠንም ይታያል፣ የተወሰደው ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ከሆነ በተለይ።

ጠጠሩ ሲገኝ አነስ ያለው በሽንት ቧንቧ በኩል በመሣሪያ ተሰብሮ ይወጣል። በእምብርቱ ቧንቧ ወፍራም መሣሪያ ማስገባት ሽንት የሚይዘውን ክፍል ሊያበላሽ ስለሚችል ሐኪሞች ይሸሹታል፤ በምትኩ ከሆድ በታች ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ትልቅ ወይም ብዙ ከሆነ ክፍት ቀዶ ጥገና ነው፣ ይህንንም እንደ ኋላ ቀር መቁጠር ስህተት ነው፤ ጠጠሩ ሳይሰባበር በሙሉው ይወጣል። ለኩላሊት ጠጠር የሚያገለግለው ከውጭ በሞገድ መስበር ለዚህ ፊኛ አይመከርም፤ ስብርባሪው ራሱን ችሎ አይወጣም፣ አንዲት የቀረች ፍርፋሪም የሚቀጥለው ጠጠር መነሻ ትሆናለች። ከማንኛውም አወጣጥ በፊት ካልቸር ተሠርቶ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ከወጣ በኋላም ሐኪሙ ሲፈቅድ ማጠቡ ወዲያው ይቀጥላል፤ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው።

ድንገተኛ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መወጠር፣ ትኩሳት፣ የትከሻ ሕመም፣ ካቴተር ገብቶም ትንሽ ሽንት ብቻ መውጣት የፊኛ መቀደድ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ድንገተኛ ክፍል ያለው ተረኛ ሐኪም እንዲህ ያለ ፊኛ አይቶ ላያውቅ ስለሚችል ከመታወቂያው ጋር አንድ ወረቀት ይያዝ፦ ፊኛው ከየትኛው አንጀት እንደተሠራ፣ በየት ዓመትና በየትኛው ሆስፒታል፣ ካቴተር የሚገባው በየት በኩልና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው ካልቸርና ክሬቲኒን፣ አለርጂ ካለ። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ሰው የላቴክስ (ጓንትና አንዳንድ ካቴተር የሚሠራበት ጎማ) አለርጂ ስለሚያበዛ «ላቴክስ አይነካው» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍ።